የነጯ አይጥ ዒዳ

ጣሊያን ሮቢትን ከያዘ ወዲህ ቤቴ የእህል መደብርነቱ ቀርቶ የሰው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። አንዱ ሊሸፍት ወደ ጋራው ሲወጣ የበቅሎውን ኮርቻ ይተውልኛል፤ አንዷ ወደ ዘመድ ስትሸሽ የብር ድሪዋን በሻሽ ቋጥራ ታስረክበኛለች። እኛ የይፋት ሙስሊሞች እንዲህ ያለውን ዕቃ አማና እንለዋለን። አማና ቀልድ አይደለም። የተቀበልከውን እንደተቀበልከው ትመልሳለህ፤ ላም ሆና ከወለደች ከነጥጃዋ ትመልሳለህ። በሚዛን በኩል የሚያሙኝ ሰዎች ነበሩ፤ በአማና በኩል ግን ጠላቴም አያማኝም። ጉድ ያፈላብኝም ይኸው ስሜ ነው።

ወሬው ጣሊያኖቹም ዘንድ ደርሷል። ከእነሱ መካከል ለደሴ መንገድ ሥራ ጠጠር የሚያመላልስ አንድ የካሚዮን ሹፌር ነበር፤ አጭር፣ ማጅራቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው። ከእኔ እንቁላልና ሎሚ ይገዛል። ሌሎቹ አንስተው ሲሄዱ እሱ ዋጋ ይከራከር ነበር፤ ለዚህ ብዬ ወደድኩት። ሰው አልገደለም አልልም፤ እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ካሚዮኑን ደጄ አቁሞ፣ ፊታቸው ሽቦ የሆነ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ይዞ ሲገባ ነው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጭ ናቸው፤ ዓይናቸው ቀይ፣ ጅራታቸው ራቁቱን።

“አይጥ ነው” አልኩት።

“አዎ፣ አይጥ። የኔ።”

“እኔ እህል ነጋዴ ነኝ።”

“አውቃለሁ። ጥሩ። ምግብ ብዙ።”

ከደሴ ወዲያ ወዳለ ሥራ ሊያዛውሩት መሆኑን፣ አዲሱ አለቃው ደግሞ አይጥ እንደማይወድ በእጁም በአፉም አስረዳኝ። ከዚያ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አሳየኝ። በአንደኛው ሁለት አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ አነስ ያለ። “ወንድ፣ ወንድ። አንድ እናት፣ አንድ ሆድ።” በሌላኛው አንዲት ብቻዋን ተቀምጣለች። “ሴት። ይቺ ሌላ እናት።” ቀጥሎ ሁለቱን ሳጥኖች አራርቆ፣ ጣቱን በመሃል እያወዛወዘ፣ “አብሮ የለም” አለ። ለምን እንደሆነ እንዲገባኝ አሥሩንም ጣቶቹን ደጋግሞ ከፈተና ዘጋ። “ብዙ። ብዙ። ብዙ።”

እምቢ ልል አፌን ስከፍት፣ “ስመጣ እወስዳለሁ። አማና” አለኝ። ቃሏን ከማን እንደተማራት አላህ ይወቀው። ከአፉ ከወጣች በኋላ ግን ምን እላለሁ? ተቀበልኩት።

ቤቴ ያኔ ከፊት መደብር፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነን፤ እናቴ፣ ሚስቴና እኔ። እናቴ ሳጥኖቹን ዞራ ዞራ አየችና፣ “አይጣቸውም ነጭ ነው እንዴ?” አለች። ሴቷ ፊት ቆም ብላ ደግሞ፣ “ይቺስ ስታለቅስ የከረመች ትመስላለች፤ ዓይኗን እዩት” አለች። ወንዶቹን መደብሩ ውስጥ ከማገር ላይ አንጠለጠልኳቸው። ሴቷን ሚስቴ ወደ ኋላ ወሰደቻት። የጎረቤታችን የሼኹ ድመት ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃፌ ላይ እንደ ዘበኛ ተተከለች።

ደንበኞቼ መጀመሪያ ላይ ተገረሙ። አንድ የቀወት ገበሬ ማሽላ ሊሸጥልኝ መጥቶ ቀና ሲል ያያቸዋል። “እኛ ከጎተራ ለማባረር ዓይናችን ጠፋ፤ አንተ ሳጥን ሠርተህ ታቀማጥላለህ?” አለኝ። “የመንግሥት ናቸው” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ አይጥ አልተናገረም። በዚያ ዘመን የመንግሥት ነው የተባለ ነገር፣ አይጥም ቢሆን፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግለታል።

አሁን የቤታችንን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የአይጦቹ ነገር ፍሬ የለውም። ሚስቴ ከገባች ስድስት ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ልጅ አልመጣም። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። የልጄን ልጅ ታቅፌ ልሙት የምትል ሴት ናት፤ ይህን ያላለች የአገራችን አሮጊት ካለች እኔ አላውቃትም። እና ማሽላው ሲሰበሰብ ሁለተኛ ሚስት ልታመጣልኝ ቆርጣ ነበር። ልጅቷም ታይታለች፤ ከቀወት ገጠር የአንድ ደህና ገበሬ ልጅ ናት። በሃይማኖታችን ነውር የለበትም። እኔ አዎም እምቢም አላልኩም፤ ገበያው እስኪለይ ዝም የማለት የነጋዴ አመል አለብኝ።

ሚስቴም በእናቴ ፊት ሥራዋን ቀጠለች። ሰው ባለበት አንቱ ትለኛለች፤ ሁለታችን ስንሆን አንተ። አንድ ቀን ሁለታችን ሳለን፣ “እሷ በአንዱ በር ስትገባ እኔ በሌላው እወጣለሁ” አለችኝ።

“ቤታችን እኮ በሩ አንድ ነው” አልኳት።

“እሱን አንተ አስብበት” አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት። ከልቧ ነው። እናቷ ቤት ሄዳ፣ የወንድሟን ከብት እየጠበቀች ብታረጅ ግድ የላትም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሷ የሌለችበትን ቤት ሳስብ የሚታየኝ መጋዘን ብቻ ነበር።

ወደ አይጧ ልመለስ። ሴቷ ብቻዋን አልሆንላት አለ። ቀኑን ሙሉ የሳጥኑን ሽቦ እየነከሰች ታንገጫግጫለች። ወንዶቹ ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ እሷ ጥግ ላይ ተኮራምታ ትውላለች። ሚስቴ በጣቷ አይብ ትሰጣታለች፣ በሙቀቱ ሰዓት ጨርቅ አርጥባ ሳጥኑ ላይ ትጥልላታለች። አንድ ቀን፣ “ይቺን ፍጡር ብቻዋን ማስቀመጥ ግፍ ነው” አለች።

“ፈረንጁ አብሮ የለም ብሏል” አልኩ።

“ፈረንጁ ራሱ ሚስቱን ጥሎ የመጣ ነው፤ ምን ያውቃል?” አለች እናቴ። “እንዳራት።”

ጣሊያን ከገባ ወዲህ በሰፈራችን ደህና ሰርግ ጠፍቶ ነበር። ከበሮ ቢመታ ወታደር ይመጣል። ወጣቱም ግማሹ ጋራ ላይ ነው። እናቴ ሰርግ ናፍቋታል። እና ነገሩን ከልቧ ያዘችው። መጀመሪያ ሁለቱንም ወንዶች ሳጥኗ ውስጥ ልከት ብል እጄን ያዘችው። “ሁለት ወንድ በአንዲት ሴት ላይ? በእኔ ቤት?” አለች። ስለዚህ መምረጥ ነበረብን። ትልቁ ተመረጠ። ሰውነቱ የሞላ፣ ፀጉሩ የሚያብለጨልጭ ነው፤ በሮቢት ሙቀት ላይ ደግሞ ወንድነቱ ከኋላው ተንዘርፍፎ ለማንም የማይሸሸግ ነበር። እናቴ እሱን ስታይ ነጠላዋን ወደ አፏ ትወስዳለች። “ሱብሃነላህ። ይኼማ መንደር ይሞላል” አለች።

ሼኹ፣ የመስጊዳችን አዛን የሚያወጡት ሽማግሌ፣ ድመታቸውን ፍለጋ መጥተው ደረሱብን።

“ምን ላይ ናችሁ?”

“ልጅ ልንድር ነው ሼኽዬ” አለች እናቴ።

ሳጥኑን አዩ፣ እናቴን አዩ። “መህሯ ምንድን ነው?” አሉ፤ ለሙሽራዋ የሚሰጠውን ጥሎሽ ማለታቸው ነው።

“አንድ ጭብጥ ማሽላ።”

“ትንሽ ነው” አሉ ሼኹ። “ማሾም ጨምሩላት።” ከዚያ ኮስተር ብለው፣ “በዲን አይቀለድም እትዬ” አሉ።

“ማን ቀለደ? አደብ ነው” አለች እናቴ። ትልቁ ሴቷ ሳጥን ገባ። አሸተታት፣ አሸተተችው፣ ያንኑ ቀን ተቃቅፈው ተኙ። ሽቦ መንከሱም ቀረ።

ሳምንታት ሄዱ። ወር ሄደ፣ ሌላም ወር ሄደ። ተዋደዱ፤ ፀጉር ለፀጉር እየተላላሱ ይውላሉ። የፈረንጁ “ብዙ፣ ብዙ” ግን የውሃ ሽታ ሆነ። የአገራችን አይጥ በዚያው ጊዜ በጓሮዬ ስንት ትውልድ እንዳፈራ ጆንያዎቼ ይመስክሩ።

እናቴ ዓይኗ ወደ ሚስቴ ዞረ። ፊት ለፊት አልተናገረችም። ለሳጥኑ ነው የተናገረችው። “ምን ታድርጊ ልጄ” አለቻት አይጧን፣ “የምትበዪው ከማን እጅ እንደሆነ አየሽ?” ሚስቴ በዚያ ጊዜ ውሃ ልትሰጣት ጎንበስ እንዳለች ነበረች። ጣሳውን ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ ወጣች።

ከማግስቱ ጀምሮ እናቴ ራሷ ማብላት ያዘች። ሚስቴ ሳጥኑን እንዳትነካ ተከለከለች። እናቴ እኔን ጨምሮ ስምንት የወለደች ሴት ናት፤ እጇ የተባረከ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። በዚያ በተባረከ እጅ አይጧ ማሽላ፣ አይብ፣ እንቁላል ሳይቀር በላች። ወፈረች እንጂ አልወለደች። እናቴ ተናደደች፤ ግን መሸነፏን አልተቀበለችም። “ገና ነው” ትላለች። ቀወት ላለው ገበሬ ግን መልእክት ላከች፤ ሽማግሌዎቹ ማሽላው ከተወቃ በኋላ ባለው ጁምዓ የሰርጉን ቀን ለመቁረጥ እንዲመጡ ተስማሙ።

ሚስቴ ይህን በሰማች ሰሞን፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ማሽላ እያበጠረች ሳለ ቀና ሳትል ተናገረች።

“እማማ፣ ትልቁ ሰነፍ ነው መሰለኝ። ለምን ትንሹን አንሞክረውም?”

“ባሏ ተቀምጦ?” አለች እናቴ።

“ይፍታት።”

“በምን አፉ?”

“ወኪል አላቸው አይደል” አለች፣ በወንፊቱ ወደ እኔ እየጠቆመች። “አማናው በእሳቸው እጅ ነው።”

እኔ የሚዛን ገመድ እየቀየርኩ ነበር፤ ልቤ እዚያ አልነበረም። “እንግዲህ በወኪልነቴ ፈትቻታለሁ” አልኩ። እናቴ ሳቀች። ሚስቴ ያኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቃሉ ከአፌ ላይ እንዴት ቀሎ እንደወጣ የምትመረምር ትመስል ነበር። ገመዱን ሳልጨርስ ቁጭ አልኩ።

ትልቁን አውጥቼ ወደ ወንድሙ ስመልሰው እንደ ባዕድ ተጣሉ። ትንሹ ጆሮው ተነክሶ ደማ፤ በመሃል ጣውላ ሰካሁ። ቀጥዬ ትንሹን ይዤ ወደ ሴቷ ሳጥን ስሄድ እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

“ወዴት ነው?”

“ወደ ሙሽራዋ።”

“ዒዳዋን ሳትቀመጥ?”

እኛ ዘንድ የተፈታች ሴት ሌላ ባል ከማግባቷ በፊት የምትጠብቀው ጊዜ አለ፤ ዒዳ ይባላል። ማሕፀኗ ባዶ መሆኑ እንዲታወቅ፣ ነገ ልጅ ቢወለድ የማን ነው እንዳይባል ነው። ሰው ላይ ሕግ ነው። አይጥ ላይ ይሠራል ያለ ግን ከእናቴ በፊት የሰማሁት የለም። ሼኹ ተጠሩ።

“እንስሳ ዒዳ የለውም እትዬ” አሉ።

“በሜዳ ላይ ያለው የለው ይሆናል። ይቺ ግን ባል አግብታ በኒካህ የኖረች ናት።”

“ማን አሰረላት ኒካህ?”

“መህሯን ማሾ ጨምሩበት ያሉ እርስዎ አይደሉ?”

ሼኹ ሳል ያዛቸው። “እሺ፣ ቢወለድስ የማን ነው ብሎ ማን ይጠይቃል? ውርስ የላቸው።”

“ባለቤታቸው ይጠይቃል። የሰው አማና ነው። የትኛው ወለደ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?” አለች። ሼኹ ድመታቸውን ይዘው ወጡ።

ስለዚህ አይጧ ዒዳ ተቀመጠች። እናቴ የሰው ሦስት ነው፣ ለአይጥ ሁለት ጨረቃ ይበቃል ብላ ወሰነችላት። ብቻዋን በሳጥኗ፣ የሚስቴ አሮጌ ሻሽ ከላይዋ ተጥሎላት ከረመች። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሻሹን ገልጣ፣ በሁለት ጣቷ ሆዷን ትዳስሳታለች። አዋላጅም ሆና ስላገለገለች እጇ ያውቃል። “ባዶ ናት” ትላለች። በሳምንቱ፣ “ባዶ ናት።” ሁለተኛዋ ጨረቃ ስታልቅ እኔም፣ ሚስቴም፣ ሎሚ ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶችም እየሰማን፣ “ትልቁ በዚህ ቤት አንዳች ነገር አልተወም፤ እኔ ምስክር ነኝ” ብላ አወጀች። ከዚያ ትንሹ፣ ጆሮው የተነከሰው፣ ገባ። ስለ መልኩ ማንም ምንም አላለም።

ማሽላው እየታጨደ ነበር። እኔ ከገበያ ገበያ እዞራለሁ፤ የጣሊያን ወታደር ጆንያ እየወጋ ጥይት ይፈልጋል፤ ነገራችን ሁሉ ጭንቀት ነው። አንድ ቀን ከጀውሃ ገበያ ተመልሼ ገባሁ። እናቴ ሳጥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ሚስቴ ከኋላዋ ቆማለች። ሻሹ ተገልጧል። ከጨርቁና ከገለባው ጎጆ ውስጥ ጣት የማያክሉ፣ ቀያይ፣ እንደተላጠ ባቄላ ያሉ ነገሮች ይተራመሳሉ። እናቴ ትቆጥራለች፣ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትቆጥራለች። አሥር አካባቢ ሲደርስ ተወችው።

“ማሻአላህ” አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ቀደም ብሎ መነገር ነበረበት፤ ነገር ግን ነጋዴ ጨርቅ ሲዘረጋ ብል የበላውን ጫፍ አስቀድሞ አያሳይም። ከዚህችኛዋ በፊት ሌላ ሚስት ነበረችኝ። እሷም ልጅ አልመጣላትም ተብሎ፣ በእናቴ ፈቃድ፣ በሰላም ተለያየን። ጀውሃ ባል አገባች። ዓመት ሳይሞላት ወለደች። እናቴ ያን ጊዜ ወሬውን ስትሰማ፣ “የጀውሃ ውሃ ያስወልዳል፤ ድሮም የታወቀ ነው” አለች፤ እኛም ተቀበልን። እኔማ በጣም ነው የተቀበልኩት።

እናቴ ከሳጥኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣ “ያቺ ጀውሃ ያለችው ስንት ወለደች ይላሉ?” አለችኝ።

“ሦስተኛዋን አርግዛለች ሲሉ ሰማሁ።”

እናቴ የአይጧን የውሃ ጣሳ አነሳች፤ አየችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። “ይቺ የጠጣችው ሁሌም የሮቢትን ውሃ ነው” አለች።

“ትልቁ አርጅቶ ይሆናል” አልኩ።

“አንድ ሆድ ናቸው አላልከኝም?”

“ብያለሁ።”

“ከእሱ ጋር ስንት ጊዜ ኖረች፣ ዒዳዋንም ጠበቅኩላት” አለች፤ ለራሷ የምትናገር ነው የሚመስለው። “በእጄ ዳስሻለሁ። ባዶ ነበረች።”

ማንም ያላቀረበባትን ክስ ራሷ አቅርባ፣ ራሷ መስክራ፣ ራሷ ፈርዳ ጨረሰች። ያ ሁለት ጨረቃ ባይኖር ማምለጫ ነበራት፤ የትልቁ ዘር ዘግይቶ በቀለ ትል ነበር። ዒዳው በሩን ሁሉ ዘጋባት። ሚስቴ አይብ ቆርሳ ለእናቲቱ አቀበለቻት፤ እናቴም አትንኪ አላለቻትም። ሚስቴ ያንን ትንሹን እንሞክር ያለችው አስባበት ይሁን በደፈናው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እኔ ወደ መደብሩ ወጣሁና አንድን ጆንያ ሁለት ጊዜ መዘንኩ። ለዘር የሚሆን ማሽላ ስገዛ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅዬ ነው የማምነው፤ መሙላቱን ዓይቼ ገዝቼ አላውቅም። ስለ ራሴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ነጫጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። እኔ ምን እንደምል አላውቅም። ሚስቴ ከጓዳ በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ዕቃዋ ተጠቅልሎ ይሁን አይሁን ለማየት አልደፈርኩም። እናቴ ከመቀመጣቸው በፊት ተነሳች።

“አባቶቼ፣ አደከምኳችሁ” አለች። “አገር በሰው እጅ ሆና፣ ልጆቻችን ጋራ ላይ እያደሩ፣ እኔ ከበሮ አላስመታም። ልጅቷን ለሌላ ስጧት፤ ወጣት ናት፣ አትጠብቀን። ከእኔ ቤት በጣሊያን ዘመን ሰርግ አይወጣም።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው በጥምጥሙ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። “እንደርስዎ ያለ እናት ስንት አለን” አለ። እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ቀና ስል ሚስቴ ከበሩ ላይ የለችም፤ ከጓዳ የሰሃን ድምፅ ይሰማል። ምሳ እያቀረበች ነው።

ወሬው ከሮቢት እስከ ጀውሃ ተዳረሰ። እናቴ ሳታስበው አርበኛ ሆነች። ከጋራው “ለእናታችን” የሚል ሰላምታ ደረሳት። ሰላምታውን ተከትሎ የማሽላ ጥያቄ መጣ፤ እሷም ከመደብሬ ሰጠች። እኔ ምን እላለሁ፤ የእኔን ጉድ የሸፈነችበት መጋረጃ ነው። አንድ ቀን ደግሞ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ፣ ባርኔጣ ያደረገ የሰፈራችን ሰው፣ መጣ።

“ሰርግ ከለከሉ አሉ። ምን ለማለት ነው?”

“ቤቴን አይጥ ሞላው ልጄ” አለች እናቴ። “እንግዳ የት ላስቀምጥ?” አንድ ቃል አልዋሸችም። እጁን ይዛ ወስዳ አሳየችው። ነጫጭ አይጦችና ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የጣሊያን ፊደል ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ደህና እንዲያድጉ ተመኝቶ ሄደ።

ደግሞም ሞልቶን ነበር። ትንንሾቹ ፀጉር አበቀሉ፣ ሮጡ፣ እናቲቱም ወዲያው ደገመች። ፈረንጁ ጣቶቹን ያን ያህል ጊዜ ለምን እንደከፈተ የገባን ያኔ ነው። ሚስቴ አንድ ቀን ተቀምጣ ጭራ እያነሳች ወንዱን ለወንድ፣ ሴቱን ለሴት ለየች፤ ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ኒካህ ቀረ። ሹፌሩ ሲመለስ ከስቶ፣ ጺሙ ወጥቶ ነበር። አይጥ የሞላባቸውን ሳጥኖች ሁሉ፣ ቅርጫቱን፣ ሁለቱን የጋዝ ቆርቆሮዎች ዞሮ አየ።

“አብሮ የለም አልኩ” አለኝ።

“ንገረው” አለች እናቴ፣ “ኒካህ አስረናል፣ ዒዳ ጠብቀናል፣ ነውር የለበትም በለው።”

“ቆይተሃል ትልሃለች” አልኩት። ሁሉንም እንዲወስድ አቀረብኩለት፤ አማና ከነጥጃው ነው። ዋጋ ሲቀንስ የማውቀው ሰው ያን ቀን ቁጥር ለመቀነስ ተከራከረ። በመጨረሻ ሦስቱን የራሱን ከጥቂት ግልገሎች ጋር ወሰደ፤ የቀረውን “ስጦታ” ብሎ ተወልን። ትልቁን ከሳጥኑ ሲያወጣው አንገቱን አከከለት፤ አይጡም ዓይኑን ከደነ። ሰውየውን ዳግመኛ አላየሁትም። ሚስቴ ሁለት ሴት አይጦች አስቀረች፤ የቀሩትን ጣሊያን ጋ ለሚሠሩ ሰዎች አከፋፈለቻቸው።

ከዚያ ጣሊያን ወጣ። ደስታው ደስታ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዕልልታ መሃል አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር። እናቴ ሰርጉን የከለከለችው በጣሊያን ዘመን ብላ ነበር፤ አሁን ያ ምክንያት ካገሩ ወጥቷል። ሚስቴም ይህን ታውቃለች። እነዚያን ሳምንታት በቤቱ ውስጥ ዕቃ ለማስቀመጥ እንደመጣ ሰው በጥንቃቄ ነው የምትራመደው።

ሰርግ በየሰፈሩ ፈላ። በአንዱ፣ የሼኹ የልጅ ልጅ ስታገባ፣ ሴቶቹ በእኛ ግቢ ዳስ ጥላ ሥር ተሰብስበው ሽንኩርት ይከትፋሉ። እናቴ በመሃላቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ሚስቴ ከዳር ሆና ሰሃን ታጥባለች። እኔ ጆንያ ተሸክሜ በማለፍ ላይ ነኝ። አንዲት አፈኛ ጎረቤታችን ቢላዋዋን አቁማ፣

“እትዬ፣ አገር እንደሆነ ነፃ ወጣች። እንግዲህ የልጅዎን የሁለተኛ ሚስት ሰርግ መቼ ነው የምንበላው?” አለች።

ሰሃን የማጠቡ ድምፅ ቆመ። እናቴ ከሽንኩርቱ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከእግሬ እስከ ጆንያዬ።

“የማን፣ የዚህ?” አለች። “ኧረ ለአንዷም አልበቃ።”

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። አንዷ ጉልበቷን እየመታች ተንፈራፈረች። እኔም ሳቅሁ፤ ባልስቅ ይበልጥ ይታወቅብኝ ነበር። ሚስቴ ብቻ አልሳቀችም። እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ በሴቶቹ መሃል አልፋ መጣችና ከእናቴ ጎን ለመቀመጥ ጎንበስ አለች። እናቴ ንግግሯን ሳታቋርጥ የነጠላዋን ጫፍ ከምንጣፉ ላይ ሰበሰበችላት።